ለሰፈር እናቶችና ልጆች ከበጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል? ለጅማ እድሮችና የሰፈር ኮሚቴዎች ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ እድሮችና የሰፈር ኮሚቴዎች ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ለፋውንዴሽኖች የጻፏቸውን ብዙ የድጋፍ ጥያቄዎች አይቻለሁ። አንዳንዶቹን ቁጭ ብዬ አብሬ ጽፌአለሁ። አብዛኞቹ መልስ አላገኙም። የተጻፈው ችግር እውነት ነበር። ግን ሰፈሩ የጎደለውን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ዘርግፎ ስለሚልክ፣ የሚያነበው ሰው የቱን ይዞ የቱን እንደሚተው ይቸገራል።

የኛም የመጀመሪያው እንዲህ ነበር። 11 ገጽ ጻፍን። ክሊኒክ ይሠራልን፣ አምቡላንስ ይገዛልን፣ ወላጅ ያጡ ልጆች ይደገፉልን፣ ወጣቶች ይሠልጥኑልን አልን። ከአራት ወር በኋላ ሁለት መስመር መልስ መጣ። ሁለተኛው ጥያቄያችን ሁለት ገጽ ነበር። የጠየቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ ተሳካ።

ከታች ያለውን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ሁለት ወር ገደማ ይወስዳሉ። እንጻፍ ብሎ የሚቸኩል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። አስታግሱት።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ

- አምስት ሰው፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪ፣ ከእናቶች ጋር በቀላሉ የምትነጋገር አንዲት ሴት። አምስተኛዋን ለስም ብላችሁ አታስገቡ። ሥራው የሚሳካው በእሷ ነው።
- አንድ ወፍራም ደብተርና አንድ ቦክስ ፋይል።
- ኮሚቴው የተመረጠበት፣ የተፈረመበትና ማህተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ።
- አማርኛም አፋን ኦሮሞም አቀላጥፎ የሚጽፍ ሰው።

ደረጃ 1፦ ክፍተቱን ፈልጉ

ድርጅቶች ጥያቄያችሁን ሲያነቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ይሄን መንግሥት አይሸፍነውም ወይ?" ብለው ነው። መልሱን እናንተ ቀድማችሁ እወቁ።

1.1. በነፃ የሚሰጠውን ለዩ። በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢ ሕክምናና የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ ነው የሚሰጠው። "ለወሊድ ክፍያ ድጋፍ እንፈልጋለን" ብላችሁ ከጻፋችሁ ወረቀቱ እዚያው ላይ ያበቃል።

1.2. የጤና መድኑን አጣሩ። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ የዞናችን ሊሙ ኮሳ ነበረች። ስለዚህ ነገሩ ለኛ አዲስ አይደለም። ሆኖም ዛሬም ብዙ ቤተሰብ ሁለት ነገር ያመልጠዋል። አንደኛ፣ ምዝገባውና እድሳቱ የራሱ ጊዜ አለው። ካለፈ እስከ ቀጣዩ ዙር መጠበቅ ነው። ሁለተኛ፣ መክፈል ለማይችሉ የድሃ ድሃ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ። ስማቸው ግን በቀበሌ ተለይቶ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። ቀበሌ ሂዱና ከሰፈራችሁ እነማን እንደገቡ ጠይቁ። ያልገቡ ካሉ ለቀጣዩ ዙር እንዲታዩ አመልክቱ።

1.3. በቀጥታ ወደሚረዳ ቦታ ሊላክ የሚችለውን ላኩ። ከሰፈራችሁ ችግር የተወሰነው ፕሮፖዛል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው አድራሻ ነው።

- ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ካለ፣ ኦፕሬሽን ስማይል የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ጋር ይሠራል። ቀዶ ሕክምናው ነፃ ነው። ማዕከሉ ሄዳችሁ ቀጣዩ ምዝገባ መቼ እንደሆነ ጠይቁ።
- በወሊድ ምክንያት ሽንት የማትቋጥር እናት ካለች፣ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል መቱ ላይ አለ። መንገዱ በአጋሮ፣ በበደሌ አድርጎ ነው። ሕክምናው ነፃ ነው። እባካችሁ እዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ። እንዲህ ያለች እናት ብዙ ጊዜ ከሰው ተደብቃ ነው የምትኖረው። ኮሚቴው ውስጥ ያለችው ሴት ብቻዋን ሄዳ ታናግራት።
- የቤተሰብ ምጣኔና ተያያዥ አገልግሎት ለሚፈልጉ፣ የቤተሰብ መምሪያ ማህበር ጅማ ላይ ክሊኒክ አለው።

1.4. የቀረውን ጻፉ። ይህን ሁሉ ካነሳችሁ በኋላ የሚተርፈው ነው ክፍተት የሚባለው። ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ስለሆነም ከዓይን ያመልጣል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከጅሬን በላይ ከምትኖር አንዲት እናት ጋር የሆነ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቀኗ እንደደረሰ አይታ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ፣ ማለትም እናቶች እስኪወልዱ የሚቆዩበት ክፍል፣ እንድትገባ መከረቻት። ገባች። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ልትወጣ ተነሳች። "ምነው?" ሲሏት፣ "ትንሿን ማን ያበላታል? ላሚቱንስ ማን ያልባታል?" አለች። ሄደች። በዚያው ሌሊት ምጧ መጣ። ዝናብ ነበር፣ ባጃጅ ጭቃውን አልወጣ አለ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ይዘዋት ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ ልጁ መንገድ ላይ ተወለደ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁለቱም ተርፈዋል።

ማቆያው ነፃ ነበር። ወሊዱም ነፃ ነበር። የጎደለው ለጥቂት ቀን ልጆቿን የሚይዝላት ሰው ነው። ሁለተኛው ጥያቄያችን የተነሳው ከዚህ ነው።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ ክፍተቱን ስብሰባ ላይ በጭብጨባ አትወስኑ። ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ወንዶችና ሽማግሌዎች ናቸው። እናቶቹን ቤታቸው ሄዳችሁ፣ ቡና ሲፈላ፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ጊዜውንም ምረጡ። ቡና ለቀማ ላይ ቤት የምታገኙት ሰው የለም።

ደረጃ 2፦ ደብተሩን ያዙ

"ብዙ እናቶች ይቸገራሉ" የሚል አረፍተ ነገር ማንንም አያሳምንም። ሁለት ወር የተያዘ ደብተር ግን ያሳምናል።

2.1. ደብተሩን በመስመር ከፋፍሉ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የቤቱ መለያ ቁጥር፣ ምን አጋጠመ፣ ምን ጎደለ፣ ምን ተደረገ።

2.2. የሰው ስም አትጻፉ። ለየቤቱ ቁጥር ስጡ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ሌላ ወረቀት ላይ ይሁን። እሱ አንድ ሰው ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጥ። የኤችአይቪም ሆነ የሌላ በሽታ ምርመራ ውጤት ደብተሩ ላይ አይገባም። ሰፈር ውስጥ አንድ ገጽ ቢወጣ ትዳር ይፈርሳል።

2.3. ያያችሁትን እንጂ የሰማችሁትን አትመዝግቡ። "ተብሏል" የሚል ቃል ደብተሩ ላይ ከታየ ያ መስመር ይሰረዝ።

2.4. በየሳምንቱ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር አስተያዩት። ቤት ለቤት ስለምትዞር እናንተ ያላያችሁትን ታውቃለች። እሷ የቤተሰብ ምስጢር ልትሰጣችሁ አይገባም፣ እናንተም አትጠይቋት። ቁጥሩን ብቻ አስተያዩ።

ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንስ? አትጨምሩበት። በሁለት ወር ውስጥ ሰባት እናቶች ብቻ ከሆኑ ሰባት ብላችሁ ጻፉ። የኛ ሰባት ነበር። ከድርጅቱ ሊጎበኙን የመጡት ሰዎች ደብተሩን ገልጠው መስመሮቹን አንድ በአንድ ሲያነቡ አይቻለሁ። አንደኛው መስመር "ቤት 14፣ ባጃጅ ጠፍቶ 2 ሰዓት ጠበቀች" ይላል። ጎብኚዋ እዚያ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየችና "ይህች እናት ትገኛለች?" አለች። ትገኝ ነበር።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡን ማን እንደሚቀበል ወስኑ

ብዙ ጥሩ ጥያቄ የሚወድቀው እዚህ ነው። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርን፣ እቁብንና መሰል ባህላዊ ማህበራትን አይመለከትም። ይህ ለእድር ነፃነት ነው። ግን ብዙ ፋውንዴሽኖች፣ በተለይ የውጭዎቹ፣ በሕግ የተመዘገበ ድርጅት ካልሆነ ገንዘብ አይልኩም። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ምረጡ።

ሀ. በሌላ የተመዘገበ አገር በቀል ድርጅት በኩል። ጅማ ላይ የሚሠራና ምዝገባው የጸና ድርጅት ፈልጉ። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚለቀቅና ድርጅቱ ለራሱ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚገልጽ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። አዋጁ የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። "ግማሹን እኛ ለአስተዳደር እንይዛለን" ካሏችሁ ተነሱና ሂዱ።

ለ. በጤና ጣቢያው በኩል፣ በዓይነት። ገንዘብ በእጃችሁ አይገባም። ድርጅቱ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የምግብ እህል ለጤና ጣቢያው ያስረክባል፣ እናንተ ሥራውን ታግዛላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠይቅ ኮሚቴ እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ገንዘብ ሳይነኩ ስም ይገነባል።

ሐ. በራሳችሁ። ማህበር ለማቋቋም ቢያንስ 5 መሥራቾች ያስፈልጋሉ። ምዝገባ፣ ዓመታዊ ሪፖርት፣ ኦዲት ይከተላል። ለአንድ ዓመት ሥራ ብላችሁ እዚህ አትግቡ።

የትኛውንም ብትመርጡ እነዚህ አይቀሩም፦

- ገንዘብ በእጃችሁ የሚገባ ከሆነ፣ በኮሚቴው ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ። ሦስት ፈራሚ፣ ቢያንስ ሁለቱ ሳይፈርሙ ገንዘብ የማይወጣበት። የግለሰብ ሂሳብ ወይም የግለሰብ ቴሌብር ላይ ድጋፍ አይገባም። ለአንድ ቀንም ቢሆን፣ ሰውየው ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን።
- ከቀበሌና ከጤና ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ። ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጻፈው። ድርጅቱ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ከፈለገ ፈቃድ ባለው የትርጉም ቤት አስተርጉማችሁ ሁለቱንም አያይዙ። ራሳችሁ ተርጉማችሁ ማህተም አታስመቱበት።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ "እኔ አስጨርስላችኋለሁ፣ ለማስፈጸሚያ ትንሽ አስገቡ" የሚል ሰው ይመጣል። ፕሮፖዛል ጽፎ ከሚገኘው ላይ ፐርሰንት የሚጠይቅም አለ። ሁለቱንም እምቢ በሉ። ድጋፍ ለመስጠት ቀድሞ ገንዘብ የሚያስከፍል እውነተኛ ፋውንዴሽን የለም።

ደብዳቤው ቢዘገይስ? አንድ ሰው በየቀኑ አይመላለስ፣ ይሰለቻል፣ ያሰለቻልም። ሁለት ሆናችሁ፣ ደብተሩን ይዛችሁ፣ ኃላፊው የሕዝብ ጉዳይ በሚያስተናግድበት ቀን ግቡ። የደብዳቤውን ረቂቅ ጽፋችሁ ውሰዱ። ባዶ ወረቀት ላይ እንዲያስብላችሁ ከመጠየቅ የተጻፈ እንዲያርም መጠየቅ ይቀላል።

ደረጃ 4፦ ድርጅቱን ምረጡ

አሥር ቦታ አንድ ዓይነት ደብዳቤ አትበትኑ። ሦስት ምረጡ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር አጣሩ፦ ባለፈው ዓመት ምን ደገፈ? ኦሮሚያ ውስጥ ይሠራል ወይ? ትንሹና ትልቁ የሚሰጠው መጠን ስንት ነው? የዓይን ሕክምና የሚደግፍ ድርጅት ለወሊድ አይሰጥም፣ ቢያዝንላችሁም። ትልቅ ገንዘብ ብቻ የሚሰጥም ለአንድ ሰፈር ሥራ አይመለስም፣ ሪፖርቱን መከታተል ራሱ ስለሚከብደው።

እዚሁ ከተማ ያሉትን አትርሱ። የቡና ላኪ፣ የሆቴል ባለቤት፣ ከሰፈሩ ወጥቶ ውጭ አገር የሚኖር ሰው። ከነሱ መጠየቅ ይቀላል። ደብተሩንና ደረሰኙን ግን እንደ ትልቅ ድርጅት ሁሉ ያዙላቸው። ከሕዝብ መዋጮ የሚሰበስብ ኮሚቴ ልታቋቁሙ ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ ስለ ፈቃዱ ጠይቁ። አዋጁ ለበጎ አድራጎት ኮሚቴ የራሱ ሥርዓት አለው።

ደረጃ 5፦ ጥያቄውን ጻፉ

ድርጅቱ የራሱ ቅጽ ካለው ቅጹን ብቻ ሙሉ። ከሌለው ሁለት ገጽ ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

5.1. ማን ናችሁ? አራት መስመር። የእድሩ ስም፣ ስንት አባወራና እማወራ፣ ስንት ዓመት፣ ከዚህ በፊት ምን ሠርታችኋል። የጅማን ታሪክና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እዚህ አታስገቡ።

5.2. ክፍተቱ። ከደብተሩ። ልዩነቱን እዩ፦

የማይሠራው፦ "በአካባቢያችን በርካታ እናቶች ከፍተኛ ችግር ላይ ስለሚገኙ አፋጣኝ ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል።"

የሚሠራው፦ "ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 30 ከመዘገብናቸው 7 ወላዶች 4ቱ ማቆያ ገብተው ከመውለዳቸው በፊት ወጥተዋል። 3ቱ የወጡት ቤት የቀሩ ልጆችን የሚይዝ ሰው ስላልነበራቸው ነው።"

5.3. ምን ታደርጋላችሁ? አንድ ሥራ። የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ወር ይኑረው።

5.4. በጀት። ቁጥር የሚያስፈራችሁ ከሆነ ይህን ምሳሌ ተከተሉ። ዋጋዎቹ ለማሳያ ናቸው። የእናንተን ከባጃጅ ሹፌሮችና ከገበያ ጠይቃችሁ ሙሉ።

- መጓጓዣ፣ ደርሶ መልስ፦ 40 እናት × 600 ብር = 24,000
- ቤት የቀሩ ልጆችን ለምትይዝ ጎረቤት አበል፦ 40 ቤት × 5 ቀን × 200 ብር = 40,000
- ማቆያ ለሚቆዩ ምግብ፦ 15 እናት × 10 ቀን × 150 ብር = 22,500
- የጽሕፈት መሣሪያ፣ የስልክ ካርድ፣ የባንክ አገልግሎት፦ 6,500
- ድምር፦ 93,000
- ከእድሩ የሚዋጣ፦ 9,000
- የሚጠየቀው፦ 84,000

የእድሩን መዋጮ አትተዉት። ከራሱ ኪስ ያወጣ ሰፈር ነገሩን ከልቡ እንደያዘው ይታያል። ጥሬ ገንዘብ ከሌላችሁ አዳራሽ፣ ምጣድ፣ ድስት፣ የሰው ጉልበት ቆጥራችሁ ጻፉ።

"ልዩ ልዩ ወጪ" የሚል መስመር አታስገቡ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

5.5. እንዴት ታረጋግጣላችሁ? ደብተሩ። በየወሩ ስንት እናት ማቆያ ገባች፣ ስንቷ እስክትወልድ ቆየች።

5.6. ድጋፉ ሲያልቅስ? እውነቱን ጻፉ። "እድሩ የጎረቤት አበሉን ግማሽ ከወርሃዊ መዋጮ ይቀጥላል" ካላችሁ፣ ጉባኤው የወሰነበትን ቃለ ጉባኤ አያይዙ። ካልወሰነ አትጻፉት።

ፎቶ ማያያዝ ከፈለጋችሁ ሰው የማይለይበት ይሁን፦ መንገዱ፣ ጭቃው፣ የማቆያው ክፍል። የተቸገረች እናትን ፊት ለማዘኛ አትጠቀሙ። እሷ ነገም እዚሁ ሰፈር ትኖራለች።

ደረጃ 6፦ አስገቡ

ቀን ሲጽፉ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። 10/03/2018 ለኛ ኅዳር 10 ነው። ለውጭ ሰው ማርች 10 ወይም ኦክቶበር 3 ነው፣ ዓመቱም ያለፈ ይመስለዋል። ወሩን በፊደል ጻፉ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር አስቀምጡ።

ሰዓቱንም ተጠንቀቁ። 23:59 የሚል የመጨረሻ ሰዓት በኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። የየት አገር ሰዓት እንደሆነም አንብቡ። ያም ሆነ ይህ ከሦስት ቀን በፊት ላኩ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትዎርክ ይጠፋል፣ ይህን ጅማ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም።

በኢሜል ከሆነ ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉ። በእጅ ከሆነ ግልባጩ ላይ "ደርሷል" አስፈርሙ፣ ቀን ይኑረው።

መልስ ካልመጣስ? አንድ ወር ጠብቁ። ከዚያ ሦስት መስመር አክብሮት ያለው ደብዳቤ ላኩ። "አልተቀበልነውም" ካሏችሁ አመስግኑና ምክንያቱን ጠይቁ። ሁሉም ባይመልስም የመለሰው አንዱ ቀጣዩን ጥያቄ ያቀናላችኋል።

ደረጃ 7፦ ሊጎበኙ ሲመጡ

ድግስ አትደግሱ። ቡና ይበቃል። ልጆችን አበባ አስይዛችሁ ፀሐይ ላይ አታሰልፉ። ሰብሳቢው አምስት ደቂቃ ይናገር፣ ከዚያ እናቶች ይናገሩ። በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ በሚቀናቸው ቋንቋ ይናገሩ። አስተርጓሚው ያሉትን ያስተላልፍ፣ አያሳምርላቸው። ደብተሩ ላይ ስህተት ካገኙ "ተሳስተናል፣ እናርመዋለን" በሉ። የተሰረዘ መስመር ያለበት ደብተር አያሳፍርም። በአንድ ሌሊት በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ የሚመስል ደብተር ነው የሚያሳፍረው።

ደረጃ 8፦ ገንዘቡ ሲገባ

ደስታው ትልቅ ነው። ሥራው ግን ከዚህ ይከብዳል።

8.1. ውሉን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ሁላችሁም ባላችሁበት። ያልገባችሁን ቃል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። በተለይ ከአንዱ የወጪ ርዕስ ወደ ሌላው ማዛወር ይፈቀዳል ወይ የሚለውን።

8.2. ሦስት እጅ ይኑር። ክፍያ የሚጠይቀው፣ የሚያጸድቀውና የሚከፍለው አንድ ሰው አይሁን።

8.3. ደረሰኝ ለማይሰጥ ሰው ቅጽ አዘጋጁ። ባጃጅ ሹፌር ደረሰኝ የለውም። ልጅ የምትይዝ ጎረቤትም የላትም። ስለዚህ የክፍያ ማረጋገጫ ቅጽ ይኑራችሁ፦ ቀን፣ ከየት ወደ የት፣ መጠኑ በአኃዝና በፊደል፣ የባጃጁ የታርጋ ቁጥር፣ የተቀባዩ ስልክና ፊርማ፣ የአንድ ምስክር ፊርማ። መጻፍ የማይችል ሰው አሻራ ያሳርፍ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ቅጽ ድርጅቱ እንደሚቀበል በጽሑፍ አረጋግጡ። አንድ ኮሚቴ ይህን ሳያደርግ ቀርቶ፣ የስድስት ወር የመጓጓዣ ወጪ ውድቅ ተደርጎበት አይቻለሁ። ገንዘቡ በትክክል እናቶቹ ጋ ደርሶ ነበር። ማሳያ ግን አልነበረም።

8.4. ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ዝጉ። በእጅ ያለው፣ ባንክ ያለው፣ የወጣው ተደምሮ ከገባው ጋር እኩል መሆን አለበት። የ50 ብር ልዩነት ካለ በዚያው ቀን ፈልጉት። በወሩ መጨረሻ አይገኝም።

8.5. ገንዘቡን ለሌላ ነገር አታበድሩ። ይህን በትልቁ ጻፉና ቦክስ ፋይሉ ላይ ለጥፉት። ፈተናው የሚመጣው በሐዘን ነው። እኛ ጋ አንድ ማክሰኞ ሰው ሞተ፣ የእድሩ ካዝና ባዶ ነበር። ገንዘብ ያዡ ጋሼ "ከእናቶቹ እንውሰድና እሁድ እንመልሰው" አሉ። ክፋት የላቸውም፣ ሬሳው እቤት ነው ያለው። ሰብሳቢያችን ሐጂ ዝም ብለው ተነሡ፣ ቤታቸው ሄዱ፣ የራሳቸውን ገንዘብ ይዘው መጡ። "ከኔ ተበደሩ፣ ከዚያ አትንኩ" አሉ። በዚያች ሳምንት ሁለት እናቶች ማቆያ ገቡ። ተነክቶ ቢሆን ለእነሱ አይኖርም ነበር። ሁሉም ኮሚቴ ግን ሐጂ የሉትም፣ ስለዚህ ለሐዘን የሚሆን መጠባበቂያ አስቀድማችሁ ለዩ።

ዋጋ ቢንርስ? ይንራል። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የባጃጁም ይጨምራል። ከማውጣታችሁ በፊት ለድርጅቱ ጻፉ፦ የድሮው ዋጋ፣ የአሁኑ ዋጋ፣ የሹፌሮቹ ማረጋገጫ፣ የእናንተ ሐሳብ። ለምሳሌ በ40 እናት ፈንታ 35 እናት እንርዳ ማለት ይቻላል። ቀድሞ የተነገረ ለውጥ ይፈቀዳል። ቆይቶ የተነገረ ግን ጥፋት ይሆናል።

ስህተት ቢፈጠርስ? ገንዘብ ከጎደለ፣ ሰው ከተጣላ፣ እናት ላይ ጉዳት ከደረሰ፣ ድርጅቱ ከሌላ ሰው ሳይሰማ እናንተ ንገሩ። በዚያው ሳምንት፣ በጽሑፍ።

ደረጃ 9፦ ከማለቁ በፊት ቁጠሩ

ድጋፉ ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው ኮሚቴው አንድ ጊዜ ለዚህ ብቻ ይሰብሰብ። ደብተሩን ክፈቱና እርጉዝ የሆኑትን ቁጠሩ። ሥራው ሰኔ 30 የሚያልቅ ከሆነ፣ የካቲት ላይ የተመዘገበች እናት ነሐሴ ልትወልድ ትችላለች፣ ክረምቱ መሃል፣ መንገዱ በጣም በሚከፋበት ጊዜ። "ይረዱኛል" ብላ ልጆቿን ለማን እንደምትተው አስባ ጨርሳለች። ስለዚህ ለእሷ የሚሆነውን መጓጓዣና የጎረቤት አበል አሁኑኑ አስሉ፣ ጊዜው እንዲራዘም ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ካልፈቀደ ከእድሩ መዋጮ ለዩ። ሁለቱም ካልሆነ ግን ኮሚቴው ውስጥ ያለችው ሴት ዛሬውኑ ቤቷ ሄዳ ትንገራት፤ ገና ጊዜ እያለ ልጆቿን የሚይዝ ዘመድ አብራ ትፈልግላት።